ኬላ ላይ ሰላማዊ ሰው የገደለ ወታደር፦ በሽተኛ ነው ወይስ ጥፋተኛ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ታናሽ ወንድሜ በልጅነቱ ከአዲስ አበባ መጥቶ እዚህ ቨርጂኒያ ነው ያደገው። የአሜሪካ ጦር ውስጥ ገብቶ ኢራቅ ዘመተ። አንድ ምሽት ኬላ ላይ አልቆም ባለ መኪና ላይ እሱና ጓደኞቹ ተኮሱ። ውስጡ የነበሩት ግን ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ነበሩ። ተመርምሮ ‹መመሪያውን ጠብቃችኋል› ተባሉ። በክብር ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ግን ሰው አልሆነም። ሌሊት ይባንናል፣ ይጠጣል፣ ትዳሩ ፈረሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ቆሞ ይመለሳል። ሐኪም ጋ ሂድ ስንለው ‹የእኔ ኃጢአት ነው እንጂ በሽታ አይደለም፤ ደግሞ ካወራሁ ያስሩኛል› ይላል። እናታችን ጸበል ይወስዱታል። በሌላ በኩል ሰው ገድለው ‹ታምሜ ነው› እያሉ የሚያመልጡ ወታደሮች እንዳሉ እሰማለሁ። ወንድሜ በሽተኛ ነው ወይስ ጥፋተኛ?»

እህቴ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። ጥያቄሽ አንድ ይምሰል እንጂ ሁለት ነው። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ቃታው በተሳበባት ቅጽበት ሰውየው ምን ያውቅ፣ ምን ያስብ እንደነበረ ነው። እኛ የአእምሮ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ደግሞ ከዚያ ቅጽበት በኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ሰው ነው። የአንዱ ጥያቄ መልስ ለሌላው አይሆንም። ወንድምሽ ዛሬ መታመሙ ያኔ አጥፍቶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር አይነግረንም። ሕጉ ነፃ ማለቱም አላዳነውም። ይህን አንቺው በዓይንሽ እያየሽው ነው።

ሁለቱን ለያይቼ ልንገርሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

«ታምሜ ነው» ብሎ ማምለጥ በወሬ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። ችሎት ፊት ግን እንደዚያ አይደለም። የሮበርት ቤልስን ጉዳይ እንይ። ቤልስ በዋሽንግተን ግዛት ካለው የሉዊስ-ማኮርድ ጦር ሰፈር የተላከ የበታች ሹም ነበር። ሦስት ጊዜ ኢራቅ ዘምቷል። አራተኛው ዘመቻው አፍጋኒስታን ነበር። ማርች 11 ቀን 2012 ገና ሳይነጋ፣ ካንዳሃር ውስጥ ፓንጅዋይ በሚባል ወረዳ ካለው ካምፑ መሣሪያውን ይዞ ብቻውን ወጣ። አጠገቡ ያሉ መንደሮች ገብቶ 16 ሰላማዊ ሰዎችን ገደለ። 9ኙ ሕፃናት ናቸው። የተወሰኑትን አስከሬኖች በእሳት አቃጠለ።

ጠበቆቹ ከችሎቱ በፊት የአራት ዘመቻ ድካሙን፣ ፒቲኤስዲውን (ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ሕመም) እና በጭንቅላቱ ላይ ደርሷል ያሉትን ጉዳት ደጋግመው አነሱ። እኔ ሰውየውን መርምሬው አላውቅም። መዝገቡን የሚያነብ ሐኪም ዓይን ግን አንድ ቦታ ላይ ያርፋል። ቤልስ የመጀመሪያውን መንደር ጨርሶ ወደ ካምፑ ተመልሷል። አንድ ጓደኛውን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ ያደረገውን ነግሮታል። ጓደኛው አላመነውም፤ መልሶ ተኛ። ቤልስ እንደገና ወጥቶ ወደ ሁለተኛው መንደር ሄደ። ያለፈ ጦርነት ዓይኑ ላይ መጥቶበት የሚያደርገውን የማያውቅ ሰው፣ መሀል ላይ ተመልሶ «ይህን አድርጌያለሁ» ብሎ ተናግሮ እንደገና አይወጣም። ቢያንስ እኔ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አይቼ አላውቅም።

የአሜሪካ ወታደራዊ ሕግ በአእምሮ ሕመም ምክንያት ከኃላፊነት ነፃ የሚያደርገው፣ ከባድ ሕመም ኖሮበት የድርጊቱን ምንነት ወይም ስሕተትነቱን መረዳት ያልቻለን ሰው ብቻ ነው። ይህን ማሳየት የተከሳሹ ሸክም ነው፤ ማስረጃውም ግልጽና አሳማኝ መሆን አለበት። ጥርጣሬ ካለ የሐኪሞች ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ቦርድ ይቀመጣል። ቦርዱ ሰውየው ያኔ ከባድ ሕመም ነበረበት ወይ፣ ሕመሙ ምን ነበር፣ ስሕተት መሆኑን ማወቅ ይችል ነበር ወይ፣ አሁንስ ችሎቱን መከታተል ይችላል ወይ የሚሉትን ይመልሳል። ሪፖርቱ ሁለት ነው። ድምዳሜውን ብቻ የያዘው አጭሩ ለዐቃቤ ሕግም ይደርሳል። ተከሳሹ ለሐኪሞቹ የተናገረውን የያዘው ሙሉው በመጀመሪያ የሚሄደው ለተከላካይ ጠበቃው ነው። ሰውየው እውነቱን እንዲያወራ ታስቦ የተሠራ አሠራር ነው።

ፒቲኤስዲ ብቻውን ይህን በር የሚከፍተው እጅግ አልፎ አልፎ ነው። ያስደነግጣል፣ ያስቆጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ሕፃን መግደል ነውር መሆኑን ግን አያስረሳም። ቤልስ የሞት ፍርድ እንዳይመጣበት በጁን 2013 ጥፋተኛ ነኝ አለ። ዳኛው ለምን እንዳደረገው ጠየቁት። ራሱን ሚሊዮን ጊዜ እንደጠየቀ፣ በዚህ ዓለም ላይ ጥሩ ምክንያት እንደሌለው መለሰ። በኦገስት ወር ስድስት ወታደሮች ያሉበት ጉባኤ ያለ አመክሮ ዕድሜ ልክ ፈረደበት። ያንን ፍርድ ለመስማት ከአፍጋኒስታን የመጡ መንደርተኞች ነበሩ። አንደኛው 11 የቤተሰቡን አባላት በአንድ ሌሊት ያጣ ሰው ነው። ስለ ወታደር ሕመም በተወራ ቁጥር እኚህን ሰው እዚያው ክፍል ውስጥ ማሰብ ያስፈልጋል። እኛ ሐኪሞች አንዳንዴ እንረሳቸዋለን።

መሀል ላይ ያለ በርም አለ። አሌክሳንደር ብላክማን የተባለ የእንግሊዝ የባሕር ኃይል እግረኛ በ2011 አፍጋኒስታን ውስጥ የቆሰለ ታጣቂን ተኩሶ ገደለ። ሟቹ ሰላማዊ ሰው ሳይሆን ተዋጊ ነበር። ቆስሎ ከወደቀ በኋላ መግደሉ ግን ያው ወንጀል ነው። ብላክማን ራሱ የጄኔቫን ስምምነት አሁን ጣስኩ ሲል በካሜራ ተቀርጿል። ስለዚህ ያውቅ ነበር። በ2013 በነፍስ ግድያ ተፈረደበት። በ2017 ግን ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት፣ ያኔ በጦር ሜዳው ጫና የመጣ የአእምሮ መታወክ እንደነበረበትና ራሱን የመግዛት አቅሙ እንደተጎዳ የሐኪሞችን ቃል ተቀብሎ፣ ፍርዱን ወደ ቀለለው የሰው መግደል ወንጀል ዝቅ አደረገው። ቅጣቱ 7 ዓመት ሆነ። ከጥፋት ነፃ ግን አልተባለም። ሕመሙ ጥፋቱን አሳነሰው እንጂ አልሰረዘውም።

የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በዚሁ መንገድ ነው የተሠራው። አንቀጽ 48 ፍጹም ኢኃላፊነትን፣ አንቀጽ 49 ከፊል ኃላፊነትን ለየብቻ ያስቀምጣሉ። በጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚፈጸም ወንጀል ደግሞ በአንቀጽ 270 ያስቀጣል። ሀገር ቤትም ከጦር ሜዳ ተመልሰው የማይተኙ ብዙ ልጆች ስላሉን፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ልምጣ። ሰው የሚያየው ሥቃይ ጥፋትን ያሳያል ወይ? አያሳይም። ለዚህ ከ«ማይ ላይ» እልቂት የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ማርች 16 ቀን 1968 የአሜሪካ ወታደሮች ማይ ላይ በምትባል የቬትናም መንደር ገብተው ሴቶችን፣ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ጨፈጨፉ። ቬትናሞች የሟቾቹን ቁጥር 504 ይሉታል፤ የአሜሪካ ጦር 347 ብሎ መዝግቧል። በዚያች ዕለት ሂዩ ቶምሰን የተባለ የሄሊኮፕተር አብራሪ ከላይ ሆኖ አየ። ሄሊኮፕተሩን በሚሸሹት መንደርተኞችና በራሱ አገር ወታደሮች መካከል አሳረፈ። ወታደሮቹ መንደርተኞቹ ላይ ከተኮሱ እናንተም ተኩሱባቸው ብሎ ሁለቱን የበረራ ጓዶቹን አዘዘ። ሰዎቹን አስወጣ። ከሬሳ ክምር መሀል አንድ ሕይወት ያለው ሕፃን አወጡ። ጦሩ እውነቱን አምኖ ቶምሰንን በሜዳልያ ያከበረው ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1998 ነው። እስከዚያ ድረስ ከሀዲ ተብሎ ተሰድቧል፤ ለግድያም ተዝቶበታል። እሱም ቅዠት ነበረበት፤ እሱም መጠጥ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ያዳነው ሰውዬ እንኳ ሌሊት ሲባንን ኖረ። ዊልያም ካሊ የተባለው መኮንን ደግሞ በ1971 ቢያንስ 22 ሰው በመግደል ተፈርዶበት፣ ዕድሜ ልኩ እየተቀነሰ እየተቀነሰ መጥቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ በቤቱ ታስሮ በ1974 ወጣ። በዚያ እልቂት የተፈረደበት እሱ ብቻ ነው። በአደባባይ ይቅርታ የጠየቀው በ2009 ነው፤ ጸጸቱ ያልተሰማው ቀን እንደሌለ ተናገረ። እንግዲህ ያዳነውም ይቃዣል፣ የገደለውም ይጸጸታል። በዚህ ምክንያት ወንድምሽ ሌሊት መጮሁን እንደ ማስረጃ አትቁጠሪው። ለጥፋቱም፣ ለንጽሕናውም።

ወደ ኬላው ልመለስ። ወንድምሽ ላይ የደረሰው በብዙ ወታደር ላይ ደርሷል። ጃንዋሪ 2005 ኢራቅ ውስጥ ታል አፋር በምትባል ከተማ፣ ሊመሽ ሲል አንድ መኪና ወደ እግረኛ ጥበቃ ሲመጣ ወታደሮች ተኮሱ። አባትና እናት ሞቱ። ከኋላ ልጆች ነበሩ። ክሪስ ሆንድሮስ የተባለ ፎቶ አንሺ እዚያው ስለነበር ዓለም አየው። አንዲት ሕፃን በወላጆቿ ደም ተነክራ፣ ወታደር እግር ሥር ተቀምጣ ትጮኻለች። አንደኛው ልጅ ጀርባው ላይ ተመትቶ ስለነበር ቦስተን ድረስ ተወስዶ ታከመ። ወታደሮቹ አልተከሰሱም።

ሕጉ እዚህ ላይ የሚጠይቀው ከቤልስ ጉዳይ የተለየ ነው። ምልክት ተሰጥቷል ወይ? የማስጠንቀቂያ ተኩስ ነበር ወይ? በዚያ ጨለማ፣ በዚያ ፍጥነት፣ መኪና ላይ ቦምብ ተጠምዶ ሰው በሚያልቅበት ወቅት፣ ማንኛውም ልባም ወታደር ፈንጂ ነው ብሎ ቢያስብ ያስኬዳል ወይ? ካስኬደ ስሕተት ነው፤ ወንጀል አይደለም። ይህ ለወታደሩ መከላከያ እንዲሆን የተሠራ ተገቢ ሕግ ነው። እኔም እደግፈዋለሁ። ግን ሌላ ፊትም አለው። በ2005 መጨረሻ ሐዲታ ላይ 24 ኢራቃውያን ተገድለው፣ 8 የባሕር ኃይል እግረኞች ተከሰው ሲያበቃ፣ ከዓመታት በኋላ የተፈረደበት አንድ ብቻ ነበር። እሱም ሥራን በቸልተኝነት ባለመወጣት ነው፤ እስር ቤት አልገባም። ልጆቻቸውን የቀበሩት ሰዎች ይህን ፍትሕ ብለው ሊቀበሉት አይችሉም። እኔም ተቀበሉ አልላቸውም።

ወንድምሽ «ኃጢአት ነው እንጂ በሽታ አይደለም» ማለቱ ከንቱ ንግግር አይደለም። ባለሙያዎች ለብዙ ዓመት ያመለጣቸውን ነገር ነው የተናገረው። ፒቲኤስዲ በአሜሪካ የሕክምና መመዝገቢያ ውስጥ የገባው በ1980 ነው። ሐሳቡ የቆመው በአብዛኛው በፍርሃት ላይ ነው። ልገደል ነበር፤ አካሌ አሁንም ያንን ያምናል። ሰው የገደለ ወታደር ሕመም ግን ሁልጊዜ ከፍርሃት አይመጣም። «ሊገድሉኝ ነበር» ሳይሆን «ገደልኩ» ነው የሚለው። ጆናታን ሼይ የተባለ የቬትናም ዘማቾችን ሲያክም የኖረ ሐኪም፣ በኋላም ብሬት ሊትዝና ባልደረቦቹ በ2009፣ ይህን የህሊና ቁስል ብለው ለይተው ጻፉበት። ሺራ ማግዌን የተባለች ተመራማሪ ደግሞ በጦር ሜዳ ሰው መግደል ብቻውን፣ ሌላው የውጊያ ገጠመኝ ከግምት ገብቶም ቢሆን፣ ከፒቲኤስዲና ከመጠጥ ችግር ጋር እንደሚያያዝ አሳይታለች።

ምልክቱን አንቺ ራስሽ ጽፈሽዋል። ቤተ ክርስቲያን ከውጭ ቆሞ ይመለሳል። የፈራ ሰው ሕዝብ የሚበዛበትን ቦታ ይሸሻል። ህሊናው የቆሰለ ሰው ደግሞ የተቀደሰውን ቦታ፣ ልጆችን፣ የሚወዱትን ሰዎች ይሸሻል። አይገባኝም ብሎ ነው። የእህቱን ልጅ ማቀፍ እምቢ የሚል ወታደር አክሜያለሁ። ቤተሰቡ ክፉ ሆነ ብሎ ነበር። እሱ ግን «በዚህ እጄ?» ነበር ያለኝ።

እንዲህ ላለ ሰው «ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ታዝዘህ ነው» ማለት ብዙ አይጠቅምም። ቤተሰብ በፍቅር የሚለው ነው፤ ይገባኛል። ለእሱ ግን «የሞቱትን ሰዎች ተዋቸው» እንደማለት ይሰማዋል። እነዚያን ሰዎች ሊተዋቸው ስላልቻለ እኮ ነው የታመመው።

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ላንሳ። በገጠር ሰው ነፍስ ሲያጠፋ፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ ሽማግሌ ይገባል። ገዳይ ይሸሻል፣ ዘመድ ይለመናል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ደም ይደርቃል። ልማዱ ብዙ እንከን አለው፤ ሴት ልጅ የተሰጠችበትም ጊዜ ነበር፤ ያንን አላወድስም። አንድ ነገር ግን ያውቅበት ነበር። ገዳዩ የሟች ወገን ፊት ይቀርባል። ጥፋቱ የሚቀመጥበት ቦታ ያገኛል። የአሜሪካ ጦርም ኢራቅ ውስጥ በስሕተት ለተገደለ ሰው ቤተሰብ የማጽናኛ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ እስከ 2,500 ዶላር። ገንዘቡን የሚሰጠው ሌላ መኮንን ነው። የተኮሰው ልጅ ግን በማግሥቱ ሌላ ኬላ ላይ ነው። ከዚያ አውሮፕላን ይሳፈራል። ወንድምሽ ያንን ቤተሰብ «ማሩኝ» ሊላቸው ቀርቶ ስማቸውን እንኳ ላያውቅ ይችላል።

ጥሩ ሕክምና ይህንን ክፍተት አይሸሽም። የማግዌን ቡድን የሠራው ሕክምና ስለ ግድያው በቀጥታ ያወራል፤ ሰውየው ራሱን ይቅር ወደ ማለት እንዲሄድ፣ የሚክስበትንም ነገር እንዲያቅድ ያግዛል። የሊትዝ ሕክምና ውስጥ ደግሞ ሕመምተኛው ባዶ ወንበር ፊት ተቀምጦ፣ የሚያከብረው አንድ ሰው እዚያ እንዳለ አስቦ ያደረገውን ይነግረዋል። ከዚያ ያ ሰው ምን ይለው እንደነበር ራሱ ይናገራል። አንድ የእኛ ልጅ ወንበሩ ላይ አያቱን አስቀመጣቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ በአያቱ ድምፅ «አንተ ልጅ፣ የት ጠፍተህ ነው?» አለ። ሕክምናው የተጀመረው ያኔ ነው።

ስለዚህ እናታችሁን ጸበሉን ተዉ አትበዪአቸው። ጸበሉ፣ ንስሐው፣ ሱባኤው ከሕክምና ጋር አይጣላም። እንዲያውም የሚያስተውሉ የንስሐ አባት ካገኘ ከእኔ የማይገኝ ነገር ይሰጡታል፤ እኔ ኃጢአት መፍታት አልችልም። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቄ እለምናለሁ። ጋኔን ነው ብለው የሚያስሩትና የሚደበድቡት ቦታ አይሂድ። የጀመረው መድኃኒት ካለም በጸበል ምክንያት አያቋርጥ።

«ካወራሁ ያስሩኛል» ያለው ፍርሃት በቁም ነገር መመለስ አለበት። በ1996 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጃፊና ሬድመንድ በሚባለው ክርክር አንድ ትልቅ ነገር ወሰነ። አንዲት ፖሊስ በሥራ ላይ ሰው ተኩሳ ገድላ ነበር። ከዚያ የምክር አገልግሎት ስትወስድ ቆየች። የሟች ወገን በፍትሐ ብሔር ክስ የምክሩን ማስታወሻ አምጡ አለ። ፍርድ ቤቱ ሕመምተኛ ለአእምሮ ሕክምና ባለሙያው የሚናገረው የተጠበቀ ነው አለ። በወታደራዊ ፍርድ ቤቶችም ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ደንብ ወጣ። ለንስሐ አባት የሚነገረውም ጥበቃ አለው። ጥበቃው ወሰን አለው፤ ራሱን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዳ ከሆነ ሐኪሙ ዝም አይልም። ያለፈ ነገር ማውራት ግን ከዚህ የተለየ ነው።

አንድ ነገር በቀጥታ ልናገር። በምርመራው ጊዜ ያልተነገረ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ የማስጠንቀቂያ ተኩስ ነበር ተብሎ ካልነበረ፣ ወንድምሽ መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወታደራዊ ጉዳይ የሚያውቅ ጠበቃ ጋ ነው። ለጠበቃው የሚናገረውም ምስጢር ነው። ከሠራዊት መሰናበት ከሁሉም ክስ አያድንም፤ ኢራቅ ውስጥ በማሕሙዲያ አንድ ቤተሰብ የፈጀው ስቲቨን ግሪን ከተሰናበተ በኋላ በሲቪል ፍርድ ቤት ተከሶ ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። ይህን የምጽፈው ላስፈራራው አይደለም። ለዓመታት የሚያምቀው ምስጢር ካለ ሕክምናውን ያከሽፈዋል፤ ለዚያ ነው። አንቺም ዝርዝሩን አትጠይቂው። የእህት ጆሮ በሕግ የተጠበቀ አይደለም።

አሁን ምን ላድርግ ካልሽ፣ ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ለጊዜው ከቤት ይውጣ። ይህ ከሁሉም ይቀድማል። መጠጥና ሽጉጥ ባሉበት ቤት ሌላው ምክር ሁሉ ዘግይቶ ሊደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ የዘማቾች ሆስፒታል መሄድ ካስፈራው ቬት ሴንተር የሚባለውን የዘማቾች የምክር ማዕከል ይሞክር። አገልግሎቱ ለተዋጉ ወታደሮች በነፃ ነው። መዝገቡም ያለ ፈቃዱ ለሆስፒታሉም ሆነ ለጦሩ አይተላለፍም። ብዙዎቹ አማካሪዎች ራሳቸው ዘማቾች ናቸው፤ ኬላ ምን እንደሆነ ማስረዳት አይኖርበትም። አንቺና እናታችሁም ምክር ልታገኙበት ትችላላችሁ። ሂድ ብለሽ አትላኪው፤ አብረሽው ሂጂና ውጭ ጠብቂው። ክፉ ሌሊት ከመጣ፣ ራሴን ላጥፋ ካለ ወይም ዝምታው ካስፈራሽ፣ በ988 ደውሎ 1 ቁጥርን መጫን ነው። መስመሩ ለዘማቾች የተለየ ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል። እሱ ባይደውል አንቺም መደወል ትችያለሽ።